የማቆሚያ ወረቀት

አለቃዬ ለማንኛውም ነገር የመጀመሪያ መልሱ «ይቆይ» ነው። ወንበሮቹ ተሰባብረዋል ስንለው ይቆይ፣ ስብሰባ እንጥራ ስንለው ይቆይ። ሴት ልጁ ላገባ ነው ስትለውም «ይቆይ» ብሏት፣ እሷ ግን ሳትቆይ አገባች እየተባለ ይወራል። ዱቄትና ብስኩት ፋብሪካችን ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው የለም፤ የበር ጥበቃው ሳይቀር «ጋሽ ይቆይ ገብተዋል» ነው የሚለው። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ እያልኩ ብጽፍ የሚቀየመኝ አይመስለኝም። ቢቀየምም እስኪናገረው ድረስ ብዙ ጊዜ አለኝ።

እኔ ምክትሉ ነኝ፣ በጠባይ ግን ተቃራኒው። አንድ ነገር ከገባኝ ወዲያው ካልተናገርኩት ሆዴን ይቆርጠኛል። «አንቺ ችኩል» ነው የሚለኝ፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት ከአፉ ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት ትዝ አይለኝም። ቢሯችን የድሮ የሚዛን ክፍል ነው። መስኮቱ የመኪና መጫኛው ላይ ይከፈታል፤ ጠረጴዛችን በየጠዋቱ ቢወለወልም እስከ ምሳ ሰዓት ዱቄት ይለብሳል።

ይህ ሰው ከእኔ ጋር ከመቀመጡ በፊት ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው ግዢ ክፍል ነበር። ጎማ ለመግዛት ሦስት ሱቅ ዞሮ፣ ጎማውን አሽትቶ፣ በጥፍሩ ቧጭሮ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ የሚሄድ ዓይነት ገዢ። ከአራት ዓመት በፊት ታዲያ ዋና ሥራ አስኪያጇ ከአንድ ትልቅ ጉባኤ ዓይኗ እያበራ ተመለሰች። «ዓለም ሁሉ ገንዘቡን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላይ እያፈሰሰ ነው፤ እኛ ዱቄት እየፈጨን ልንቀር ነው?» አለችን። የየክፍሉ ኃላፊ ሁሉ ሐሳብ ይዞ ተሰለፈ። ሽያጭ ክፍል ደንበኛ ሲደውል የሚመልስ ፕሮግራም ፈለገ፤ ስምሪት ለስልሳዎቹ መኪኖች መንገድ የሚመርጥ፤ ብስኩት ክፍል የተሰበረውን ከደህናው በካሜራ የሚለይ። በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ሥራ ተጀመረ። የትኛው እንደሚሳካ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የሚያውቅ የማይመስለውም አልነበረም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ሥራ አስኪያጇ ስምንቱንም የሚመራ ሰው ስትፈልግ ጋሽ ይቆይን መረጠች። እኔ ተናደድኩ። ኮምፒውተር እንኳ የሚጽፈው በአንድ ጣት ነው። ሄጄ በግልጽ ጠየቅኋት። «ሌሎቹ ሁሉ እናውቃለን ይላሉ፤ አለማወቁን የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው» አለችኝ። መልሱ ያን ጊዜ አልተዋጠልኝም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፎ ገባ። ክዳኑ ላይ የፋብሪካችን የድሮ ምልክት ነበረበት፣ ቀለሙ ተፋፍቋል። ለስምንቱ የሥራ ባለቤቶች አንድ አንድ ወረቀትና አንድ አንድ ፖስታ አደለ።

«ሥራችሁ እንደሚሳካ ነግራችሁኛል፤ አመሰግናለሁ» አለ። «አሁን ደግሞ ምን ስታዩ ‹ተሳስቻለሁ፣ ይቁም› እንደምትሉ ጻፉልኝ። በእጃችሁ፣ በእስክሪብቶ። በኮምፒውተር የተጻፈ ነገ ይታረማል።»

የሽያጭ ኃላፊው ሳቀ። «ልጁ ገና ሳይወለድ የመቃብሩን ቦታ ምረጡ ነው የሚሉን?»

«አዎ። ከተወለደ በኋላማ ማን ይመርጣል? ሰው አንዴ ከወደደ ዳኛ አይሆንም።»

ደንቡ ይህ ነው። ወረቀቱ ታሽጎ ቆርቆሮው ውስጥ ይገባል። ገንዘብ የሚሰጠው በቁራሽ ነው፤ ለስድስት ወር የሚበቃ ብቻ። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ፖስታው ይከፈትና ባለቤቱ ራሱ፣ በራሱ ድምፅ፣ ለሁላችን ያነባል። የጻፈው ነገር ደርሶ ከሆነ ሥራው ይቆማል። ካልደረሰ አዲስ ወረቀት ጽፎ ሌላ ቁራሽ ይወስዳል።

የሽያጭ ኃላፊው የስልክ መላሹን እንደ ልጁ ነበር የሚወደው። ፖስታው ሲከፈት «ከአሥር ደዋይ ሁለቱ ሰው አገናኙኝ ካሉ ይቁም» ይላል። እኔ የያዝኩት ቁጥር ደግሞ ከአሥሩ ስድስት ነበር። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው፣ «ይህን የጻፈው ሰውዬ ከእኔ ይሻላል» አለና ራሱ አቆመው። ሌላ ቦታ ቢሆን ሦስት ዓመት ይጨቃጨቁበት ነበር።

በተቃራኒው፣ ሱቆቹ በሳምንት ምን ያህል ብስኩት እንደሚያዙ የሚገምተው ሥራ ሁላችንም የሳቅንበት ነበር። ወረቀቱን እያለፈ፣ እያለፈ፣ ዛሬ ያለ እሱ መጋዘናችን አይንቀሳቀስም። «እርስዎ ያኔውኑ ታይቶዎት ነበር ማለት ነው» ስለው፣ «ምኑ ይታየኛል? ዕድል ነው። የእኛ የሆነው ወረቀቱ ብቻ ነው» አለኝ። የመንገድ መራጩን ካቆምን በኋላ ደግሞ አንድ ሌላ ፋብሪካ ያንኑ ጀምሮ ተሳካለት፤ የስምሪት ሰዎች ወር ሙሉ አኮረፉን። እኔም አብሬ አኮረፍኩ። ጋሽ ይቆይ የስምሪትን ወረቀት ከቆርቆሮው አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝ። «ያኔ የምናውቀው ይህን ያህል ነበር። ዛሬ ባወቅሽው የትናንቷን ራስሽን አትገሥጪያት» አለኝ። «አላውቅም» ማለት ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ለካ በየስድስት ወሩ እየታደሰ የሚሠራ ሥራ ነው።

ሻጮች ሲመጡም እንዲሁ ነው። ያሸበረቀ ሥዕል ግድግዳው ላይ እያበሩ አንድ ሰዓት ያወራሉ፤ እሱ ዝም ብሎ ያዳምጥና መጨረሻ ላይ «የማይሠራው የት ላይ ነው?» ይላል። መልስ ያለው ሻጭ ሻይ ይጋበዛል። እስካሁን ሁለት ሰው ሻይ ጠጥቷል።

ከስምንቱ አራት ሲቀሩ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ፣ ዘጠነኛ ሥራ ተጨመረ። ይሄኛው የራሱ የጋሽ ይቆይ ነበር፤ ሐሳቡን ያመጣው እሱ፣ ፖስታው ላይ የተጻፈውም የእሱ ስም። የወፍጮ ማሽኖቹን ድምፅ እየሰማ፣ ከመሰበራቸው በፊት «ይሄኛው ታሟል» የሚል ፕሮግራም ነው። ፕሮግራም ግን አስተማሪ ይፈልጋል። አስተማሪው ሐኪሙ ሆነ።

ሐኪሙ ስል ነጭ ጋዋን የለበሰ እንዳይመስላችሁ። የፋብሪካው መካኒክ፣ የጋሽ ይቆይ ታላቅ ወንድም ነው። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጥና «ይሄ ኩሽኔታ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል» ይላል፤ በሁለት ሳምንቱ ማሽኑ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። አባታቸው ሲሞት በአሥራ ሰባት ዓመቱ ማሽን ዘይት አጠጪ ሆኖ ገባ። በስምንት ዓመት የሚያንሰውን ወንድሙን ከዚያች ደመወዝ ላይ አብልቶ፣ አልብሶ፣ አስተምሮ ለቢሮ ያበቃው እሱ ነው። ዛሬም በሰው ፊት የሚጠራው «ማሙሽ» ብሎ ነው። የሃምሳ አራት ዓመት ማሙሽ፣ ራሰ በራ፣ የልጅ ልጅ ያየ። «አቤት ወንድም ጋሼ» ብሎ ይነሣል፣ ስብሰባ መሃል ቢሆንም።

ሐኪሙ ጡረታ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ነው ሥራው የተጀመረው፤ ጡረታው ከደረሰ በኋላም በአስተማሪነት ቆየ። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ ቤት የሚጠብቀው ሰው የለም። ወርክሾፑ ጥግ ላይ አንድ ኮምፒውተርና የጆሮ ማዳመጫ ተሰጠው። ቀኑን ሙሉ የተቀዳ የማሽን ድምፅ ይሰማል፤ ጤነኛ ከሆነ አረንጓዴውን ይጫናል፣ ታማሚ ከሆነ ቀዩን። ፕሮግራሙ ከእሱ ተምሮ በመጀመሪያው ዓመት ከአሥር ብልሽት ሰባቱን ቀድሞ ነገረን። ሐኪሙ ተማሪውን «ልጄ» ይለው ጀመር። ሥራው ቢቆም ማዳመጫውን አውልቆ ወደ ባዶ ቤት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ከሁላችንም በላይ ማሙሽ።

ከዚያ ቁጥሩ መውረድ ጀመረ። ሰባት የነበረው ስድስት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት የማይሻል ሆነ። ፕሮግራም የሚሠሩት ልጆች ማይክሮፎኖቹን ሁሉ ለወጡ፤ ምንም ለውጥ የለም። የፖስታው ቀን ሦስት ጊዜ ደርሶ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ጋሽ ይቆይ «የዘጠነኛው ይቆይ» አለ። ሰው ሁሉ የለመደው ቃል ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። እኔ ግን የሌሎቹን ፖስታ አንድም ቀን አቆይቶ እንደማያውቅ አውቃለሁ።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ምክንያቱን ልፈልግ ወርክሾፑ ወረድኩ። ሠራተኞቹ ወጥተዋል። ሐኪሙ ብቻውን ማዳመጫውን አጥልቆ ተቀምጧል፤ ራሱን ይነቀንቅና አረንጓዴ፣ ግንባሩን ይቋጥርና ቀይ። የገረመኝ ድምፁ ለእኔም መሰማቱ ነው። ጠረጴዛው ሥር ሳይ የማዳመጫው ገመድ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ድምፁ ወደ ውጭ ክፍሉን ሞልቶ ይጮኻል። ከማሽን ጋር ምንም ትውውቅ የሌለኝ እኔ እንኳ ብረት ከብረት ሲፋተግ ሰማሁ። ሐኪሙ ስክሪኑ ላይ የሚሄደውን መስመር አየና አረንጓዴውን ተጫነ።

ጎንበስ ብዬ ገመዱን መልሼ ሰካሁት። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሐኪሙ ፊት ላይ ግን ምንም አልተለወጠም። ዘወር ሲል አየኝና ደንገጥ አለ፣ ከዚያ ፈገግ አለ። «ደህና ዋልሽ ልጄ? ዛሬ ሁለት ታማሚ አግኝቻለሁ!» አለኝ፣ እንደ ሁልጊዜው እየጮኸ። የሚጮኸው ወፍጮ ቤት ለምዶ ነበር የሚመስለን።

ደረጃውን ስወጣ ለጋሽ ይቆይ ልነግረው ቆርጬ ነበር። በሩን ከፍቼ «ጋሼ፣ ስለ ዘጠነኛው…» አልኩ። «ይቆይ» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ያን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ልመና ያለበት ግን ያን ቀን ብቻ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተቀመጥኩ። ሁለት ወር ሙሉ የተበላሸ መሆኑን የማውቀውን ቁጥር በየሳምንቱ እያተምኩ ለሥራ አስኪያጇ ላክሁ። አፍሬበታለሁ፤ ዛሬም አፍርበታለሁ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኛ ቢሮ ነው።

ነገሩን የቆረጠችው ሥራ አስኪያጇ ናት። ገበያው ቀዝቅዟል፣ ለሚመጣው ዓመት ከሦስት ሥራ በላይ አልችልም አለች። «አምስቱም ፖስታ ሰኞ ባንድ ላይ ይከፈት።»

«ዘጠነኛውም?» አለ ጋሽ ይቆይ።

«ዘጠነኛውን ምን ልዩ ያደርገዋል?»

ከዚያ እስከ ሰኞ ድረስ አንድም ጊዜ «ይቆይ» ሲል አልሰማሁትም።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ባለቤቶቹ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበቡ። ሐኪሙም አስተማሪ ነውና ተጠርቶ መጣ፤ ጢሙን ተላጭቶ፣ ቱታውን አሳጥቦ፣ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አራቱ ፖስታዎች ተነበቡ። ሁለቱ አለፉ፣ ሁለቱ ወደቁ። የብስኩት ካሜራው ባለቤት ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና «ይሁን» አለ። ሦስተኛው ቦታ ክፍት ቀረ፤ የቀረው ፖስታ አንድ ነው። ሁላችንም ያንን በልባችን ደምረነዋል።

ጋሽ ይቆይ ፖስታውን አንሥቶ ያዘው። «መነጽሬን ረስቼ…» አለና ለእኔ ሰጠኝ። መነጽሩ አፍንጫው ላይ ነበር።

ቀደድኩት። ወረቀቱ ነጭ ነው። ገለበጥኩት፤ ጀርባውም ነጭ ነው። አንድ ነገር ፈጥሬ ማንበብ እችል ነበር። «ከአሥር ሁለት ብቻ ካገኘ ይቁም» ብል ሥራው ይተርፋል፣ ሐኪሙም ወንበሩን ይዞ ይቆያል። ቀና ብዬ ጋሽ ይቆይን አየሁት። እንድዋሽለት እየለመነኝ አልነበረም።

«ባዶ ነው» አልኩ።

«ምን ማለት ነው ባዶ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

ጋሽ ይቆይ ተነሥቶ ቆመ። «አልጻፍኩበትም። ሁላችሁንም አስጽፌ እኔ አልጻፍኩም» አለ። «ከጻፍኩት አንድ ቀን እንደማነበው ስለማውቅ ነው።»

ሐኪሙ ይህን ሁሉ ጊዜ ከንፈር ከንፈራችንን ሲያይ ነበር። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ከእኔ ተቀበለ፣ ግራና ቀኙን አየው፣ ከዚያ ወንድሙን አየው። «እስክሪብቶ» አለ። የሽያጭ ኃላፊው ሰጠው። ፊደሉን እየተጫነ በዝግታ ጻፈ። ደንቡን ያውቀዋልና ሲጨርስ ተነሥቶ በራሱ ድምፅ አነበበ።

«ይህ ሥራ አስተማሪው መስማት ያቃተው ቀን ይቁም።» ከሥሩ ቀን ጽፎበታል። የዚያን ሰኞ ቀን አይደለም፤ ከዚያ አሥራ አንድ ወር በፊት የነበረ ቀን ነው።

«ማሙሽ፣ አሥራ አንድ ወር ስገምት ነበር» አለ። «መስመሩ ወፈር ሲል ቀይ፣ ቀጠን ሲል አረንጓዴ። ልጄን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ማይክሮፎኑን አትውቀሱት።»

«ለምን አልነገርከኝም ወንድም ጋሼ?»

«የሰው ሁሉ ሥራ ሲቆም አያለሁ። ያንተን ደግሞ እኔ ላስቆምብህ? በሰው ፊት አንገትህን ላስደፋህ?»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እኔም አውቅ ነበር» አልኩ። ሥራ አስኪያጇ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየችን። «ሦስት ሰው አንድ ነገር ለመደበቅ ይህን ያህል ከለፋ፣ ሥራው ላይ ብትለፉ የት በደረስን» አለች፤ ድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ያን ቀን ይዘሽ ቁጥሩን ለሁለት ቁረጪው።»

እዚያው ቆረጥኩት። ከዚያ ቀን በፊት ያለው የአሥራ ሦስት ወር ትምህርት ንጹሕ ነው፤ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው። ጥሩው ከመጥፎው የሚለይበትን ቀን ከማንኛውም ማሽን ማግኘት አንችልም ነበር፤ ያገኘነው ከሐኪሙ እጅ ጽሑፍ ነው። ጋሽ ይቆይ «ንጹሑ ለብቻው ይቀመጥ» አለ። «ለምን ይጠቅማል?» ብላ ስትጠይቀው፣ «አላውቅም» አለ። ከዚያ «ሥራው ቆሟል» አለ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ። ሦስተኛው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ከመሰብሰቢያው ወደ መውጫው የሚወስደው በወፍጮ ቤቱ መሃል ነው። ሁለቱ ከፊት፣ እኔ ቆርቆሮውን ታቅፌ ከኋላ። ሐኪሙ ማዳመጫውን አስረክቧል፤ ካቻቢቴው ብቻ ከቱታው ኪስ ብቅ ብሏል። መሃል ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይቆይ ቆመና አንድ ነገር አለው። ሐኪሙ እጁን ጆሮው ሥር አድርጎ «ምን አልክ?» አለ። ደገመለት። «እህ?»

ጋሽ ይቆይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር በአራት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። ወደ ወንድሙ ጆሮ ቀረበና በሙሉ አፉ ጮኸ። «ላንተ ብዬ ነው ያልጻፍኩት! ቤት ብቻህን እንዳትቀመጥብኝ ብዬ ነው!» ጆንያ የሚሰፉት ሴቶች ማሽናቸውን አቁመው ዞሩ። እኔ ቆርቆሮዬን እንደታቀፍኩ አለቀስኩ።

ሐኪሙ እጁን ከጆሮው አወረደ፣ እየሳቀ። «ገና በመጀመሪያው ከአፍህ አንብቤው ነበር» አለው። «አሁን ስትጮኽ ግን ሰማሁህ። ድምፅህን ከሰማሁ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፣ ማሙሽ።»